የዲኤክሷ ቀኝ ስቶፕ መብራት

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ፣ በመኪና ሰልፍ መሐል ቆሜ ሳለ፣ ከጎኔ የደረሰ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እህቴ፣ የቀኝ ስቶፕሽ አይበራም!» ሲል ነገረኝ። አመስግኜው አለፍኩ፤ አምፖል ተቃጥሎ ይሆናል፣ ነገ አስቀይረዋለሁ ብዬም ወዲያው ረሳሁት። ያ አምፖል ግን ሰባት ሳምንት አብሮኝ ከረመ። በመካከሉ ሁለት አምፖል፣ አንድ የፔዳል ስዊች፣ ቁጥሩን ያልያዝኩት ፊውዝና ባዶውን ያደረ ባትሪ አስከፍሎኛል። በአሮጌ መኪና የፍሬን መብራት የተቸገረ ሰው ከእኔ ስሕተትም ሆነ ከመጨረሻው ፍለጋ የሚጠቀምበት ነገር ያገኝ ይሆናል ብዬ ስላሰብኩ፣ የሆነውን በሆነበት መንገድ ጽፌዋለሁ።

መኪናዋ አባቴ ለብዙ ዓመታት የነዳት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተመረተች ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሁላችንም «ዲኤክስ» የምንላት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው የአራተኛው የኮሮላ ትውልድ አባል የሆነች፣ ማዕዘን ማዕዘን የበዛባት መኪና። «ለምን አትቀይሪያትም?» ለሚሉኝ ዘመዶቼ በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ፣ ቀጥሎም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ የተደረገውን ክልከላ አነሣላቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በእጅ ያለን አሮጌ መኪና ማደስ የስሜት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሒሳብ ጉዳይም ሆኗል። ዲኤክስ በኋላ መስታወት በኩል ከፍ ብሎ የሚታየው ሦስተኛው የፍሬን መብራት የላትም። አሜሪካ እንኳን ይህን መብራት በቤት መኪኖች ላይ ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ መብራቶች አንዱ ሲጠፋ፣ ከኋላ ላለው ሹፌር የሚደርሰው ማስጠንቀቂያ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ደግሞ አንዲት ሰከንድ ሲዘገይ ወደ 17 ሜትር ያህል ተጉዟል።

የፍሬን መብራት መስመር ከመኪና መስመሮች ሁሉ ቀላሉ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ተስፋ የሚያስቆርጠውም ይኸው ቀላልነቱ ይመስለኛል። ኮረንቲው ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሣል፣ በ15 አምፔር ፊውዝ ያልፋል፣ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ወዳለችው ትንሽ ስዊች ይደርሳል። በቁልፍ አያልፍም፤ መኪናው ጠፍቶ ቁልፉ በኪሳችሁ እያለ እንኳን ፔዳሉን ብትረግጡ መብራቱ ይበራል። ከስዊቹ የሚወጣው፣ በእኔ መኪና ነጭ መስመር ያለው አረንጓዴ ሽቦ፣ ከምንጣፉ ሥር በሹፌሩ በር ጠርዝ ተከትሎ ወደ ኋላ ይሄድና ዕቃ መጫኛው ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፈላል። ከአምፖሉ በኋላ ደግሞ ጥቁር መስመር ያለው ነጭ ሽቦ በአንድ ብሎን ከመኪናው ቦዲ ጋር ይገናኛል፤ ቦዲው ራሱ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልስ መንገድ ነው። የዚህ ሽቦ ቀለም ብዙ ሰው ያሳስታል። ኔጌቲቭ ሽቦ ጥቁር መሆን አለበት ብሎ የለመደ ባለሙያ ቶዮታ ላይ ነጩን ባለ ጥቁር መስመር ሲያይ፣ እንደ ፖዘቲቭ ቆጥሮ በቴፕ ጠቅልሎ ሊተወው ይችላል። በእኔ መኪና ላይ በግራ በኩል እንዲህ የተጠቀለለ አንድ ጫፍ አግኝቻለሁ።

አምፖሉ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክር ይዟል። ወፍራሙ 21 ዋት የሆነው የፍሬኑ ነው፤ ቀጭኑ 5 ዋት የሆነው የፓርኪንግ መብራቱ። ሁለቱም ክሮች ኔጌቲቫቸው አንድ ነው፣ እሱም የአምፖሉ የነሐስ ቀፎ። ይህ ዝርዝር ኋላ ላይ ዋጋ ስለሚኖረው ያዙልኝ። በቀፎው ጎን ያሉት ሁለት ጉጦች ቁመታቸው የተለያየ የሆነው አምፖሉ ተገልብጦ እንዳይገባ ተብሎ ነው። በጉልበት ግን ሁሉም ነገር ይገባል፤ ተገልብጦ የገባ አምፖል ፓርኪንግ ሲበራ ዓይን የሚወጋ፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ የደከመ ብርሃን እየሰጠ ባለቤቱን ያሳብዳል።

በማግስቱ የሄድኩበት ኤሌክትሪሻን ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈታ፣ አዲስ አምፖል ከተተ፣ ፔዳሉን እንድረግጥ አደረገኝ፣ በራ። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ቀን ቆይቶ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት መብራቱ እንደገና ጠፋ። አምፖሉን ሳወጣው ክሩ ደህና ነው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ጤነኛ አምፖል እያለ የሚጠፋ መብራት ሌላ አምፖል አይሻም። እኔ ግን ሌላ ጋራዥ ሄድኩ፤ እዚያ ያገኘሁት ወጣት ደግሞ «ስዊቹ ነው፣ እነዚህ ሁሉም ስዊቻቸው ያረጃል» አለኝና ሶማሌ ተራ ሄጄ ስዊች ገዝቼ መጣሁ። እስቲ የመስመሩን አሄድ መለስ ብላችሁ ተመልከቱት፦ የግራው መብራት ያለምንም እንከን እየበራ ነው፤ ፊውዙ፣ ስዊቹና እስከ መከፈያው ድረስ ያለው ሽቦ ደግሞ የሁለቱም የጋራ ነው። ግራው ከበራ እነዚህ ሁሉ ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ብልሽቱ ከመከፈያው በኋላ በቀኝ በኩል ብቻ ሊሆን ይገባል። ይህን ያህል ለማሰብ መሣሪያም ሆነ ሙያ አያስፈልግም ነበር። ባስበው ኖሮ የስዊቹ ዋጋ በኪሴ ይቀር ነበር፤ ይባስ ብሎም ስዊቹን ሲቀይሩ ሌላ ችግር አስነሡ፣ እሱን በቦታው እመለስበታለሁ።

ከሰፈራችን በላይ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ በግቢያቸው በር ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚሠሩ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አሉ። አባቴ ያከብራቸው ስለነበር እኔም «ጋሼ» እያልኩ ነው ያደግሁት። መኪናዋን ይዤ ስሄድ መሣሪያ አላነሡም፤ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ፓርኪንግ አብርተሽ ፍሬን ስትረግጪ የቀኙ ምን ይሆናል? ፍሬቻስ ከፍሬን ጋር አብረሽ ስታበሪ?» አላውቅም ነበር፤ ሹፌር የራሱን የኋላ መብራት አያይም። መኪናዋን ወደ ግቢው ግንብ አስጠግተን እንድቆም አደረጉኝና የልጅ ልጃቸው ፔዳሉን ይረግጥ ጀመር። ግንቡ ላይ ያየነው ብዙ ነገር ነገረን። ፓርኪንግ በርቶ ፍሬን ሲረገጥ የግራው ይደምቃል፣ የቀኙ ግን ከነበረበት ይፈዛል። ወደ ቀኝ ፍሬቻ ሲበራ ደግሞ የፍሬኑ መብራት በፍሬቻው ምት ልክ እንደ ልብ ትርታ ከፍ ዝቅ ይላል።

«በቃ፣ ኔጌቲቩ ነው» አሉ፣ ገና ሽፋኑ ሳይፈታ።

ምክንያቱን ያስረዱኝ ሽቦዎቹን በጣታቸው መሬት ላይ እየሣሉ ነው። በአንድ የመብራት ቤት ውስጥ ያሉት ፓርኪንግ፣ ፍሬንና ፍሬቻ ሁሉም የሚመለሱት በአንድ የኔጌቲቭ ሽቦ ነው። ያ ሽቦ ጫፉ ላይ ከዛገ፣ የሦስቱም ኮረንቲ በጠባብ በር እየተጋፋ ይወጣል፤ አንዱ ሲጨመር የሌላው ይቀንሳል። ፍሬቻው በበራ ቁጥር የፍሬኑ የሚፈዘው ለዚህ ነው። ሽቦው ጨርሶ ሲለቅ ደግሞ ይብሳል፦ በፍሬኑ ክር የገባው ኮረንቲ በነሐሱ ቀፎ በኩል ወደ ፓርኪንጉ ክር ተመልሶ ይገባና፣ በፓርኪንግ ሽቦው ወደ ሌሎቹ አምፖሎች ሄዶ በእነሱ በኩል ወደ ቦዲው ይወርዳል። ፍሬን ስትረግጡ የዳሽቦርዳችሁ ትንንሽ መብራቶች ቀላ ቀላ ካሉ ወይም ሌላ ያልተጠራ መብራት ብቅ ካለ፣ ጂን አይደለም፤ መንገድ የተዘጋበት ኮረንቲ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ ነው።

እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ባለፈው ሳምንት በራሴ መልቲሜትር ለክቼ ነበር፤ አምፖሉን አውጥቼ አንዱን ጫፍ በሶኬቱ መሐል ካሉት ሁለት ነጥቦች ከፍሬኑ፣ ሌላውን ከሶኬቱ ዳር አገናኝቼ ፔዳሉ ሲረገጥ 12.2 ቮልት አንብቤያለሁ። «ኔጌቲቩ ተበላሽቶ ከሆነ ሜትሩ እንዴት ሙሉ ቮልት አሳየኝ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ መልሳቸው ነው። ዲጂታል መልቲሜትር ቮልት ሲለካ ከመስመሩ የሚወስደው ኮረንቲ ከቁጥር አይገባም፤ የውስጥ ተቃውሞው፣ ማለትም ኮረንቲን የሚያግድበት መጠን፣ ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ነው። በእንዲህ ያለ ትልቅ ተቃውሞ ፊት የዛገ ብሎን ሦስትና አራት ኦም እዚህ ግባ አይባልም፣ ስለዚህም ሜትሩ ምንም እንዳልተበላሸ ሙሉውን ቮልት ያነባል። የ21 ዋት አምፖል ተቃውሞ ግን በርቶ ሳለ ሰባት ኦም ገደማ ነው፤ ለእሱ ሦስት ኦም ዝገት ግማሹን ያህል የሚያክል ጭነት ነው። አምፖል ተነቅሎ የሚለካ ቮልት የሚነግረን ሽቦው ጨርሶ አለመበጠሱን ብቻ ነው፤ ሥራውን መሸከም መቻሉን ለማወቅ አምፖሉ በቦታው ሆኖ፣ በርቶ እያለ መለካት አለበት።

እንደዚያው አደረግን። ጋሼ ከባትሪው ኔጌቲቭ አንድ ረጅም ሽቦ በኮፈኑ በኩል አውጥተው እስከ ዕቃ መጫኛው ድረስ ጎተቱና ከሜትሩ ጥቁር ጫፍ ጋር አገናኙት። አምፖሉ በሶኬቱ ውስጥ ነው፣ ፔዳሉ ተረግጧል፣ ቀዩ ጫፍ የአምፖሉን የነሐስ ቀፎ ነካ። ይህ ነጥብ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አንድ መሆን ስላለበት ሜትሩ ዜሮ ወይም ከ0.2 ቮልት በታች ማንበብ ነበረበት። 4.3 አነበበ። በግራው በኩል ስንደግመው 0.12 ሆነ። በቀኙ መስመር ላይ ሊሰጠው ከሚገባው ቮልት ውስጥ 4.3 የሚሆነው ዝገት ላይ ሲቀልጥ፣ ለአምፖሉ የሚደርሰው ወደ 7.9 ይወርዳል። የክር አምፖል ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ ይብሳል፤ ቮልቱ በሲሶ ገደማ ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ ሩብ ይጠጋል። በጠራራ ፀሐይ በአቧራ የለበሰ ቀይ ሽፋን ውስጥ ሩብ ብርሃን ማለት የጠፋ ማለት ነው፤ ረዳቱ «አይበራም» ያለኝ ምሽት ላይ እንኳን ነው።

ብሎኑን ያገኘነው በዕቃ መጫኛው ቀኝ ጥግ፣ ከሽፋን ካርቶኑ ጀርባ ነበር። ከላይ ያለው የመዝጊያው ላስቲክ ተሰነጣጥቆ የዝናብ ውኃ በዚያ ጥግ ይጠራቀማል፤ ከዝናብ በኋላ የሚጠፋው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የሽቦው ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት አረንጓዴ ለብሷል፣ ብሎኑ ሥር ያለው ቆርቆሮ ደግሞ ቀይ ዱቄት ሆኗል። የመጀመሪያው ኤሌክትሪሻን አምፖሉን ሊቀይር መብራቱን ሲጎትትና ሲነቀንቅ ሽቦው ለጊዜው ነክቶለት ነበር እንጂ አዲሱ አምፖል ያመጣው ለውጥ አልነበረም። የዛገውን ቀለበት ቆርጠን ጣልን፣ የሽቦው መዳብ ጥቁር ሆኖ ስላገኘነው ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ቆረጥን፣ አዲስ ቀለበት በፒንሳ አጥብቀን በስታኞ በየድነው። ቆርቆሮውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተግነው፣ ብሎኑን አጥብቀን ካሰርን በኋላ ከላይ ግሪስ ቀባነው። ግሪሱ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው፤ ሥራው ውኃ መከልከል ነው። ሜትሩ 0.08 አነበበ፣ ግንቡ ላይም ሁለት እኩል ቀይ ብርሃን አየን።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በሳምንቱ ግን ሁለቱም መብራቶች ባንድ ላይ ጠፉ።

ፊውዙ ነበር። አዲስ አደረግሁ፤ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለውን የኮብልስቶን መንገድ ስጨርስ እንደገና ተቃጠለ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም በአራት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ ነበር፤ እኔ ግን ከቀኙ መብራት ጋር አንድ በሽታ አድርጌ ስለቆጠርኩት ለጋሼ ሳልነግራቸው ቀርቻለሁ። አንድ የማውቀው ሹፌር በ15 ፋንታ 30 አምፔር እንዳደርግ መከረኝ፤ በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ጠቅልለው የሚከቱ ሰዎችም አይቻለሁ። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ትልቅ ፊውዝ ሲደረግ የመስመሩ ደካማ ቦታ ከምንጣፉ ሥር ያለው ሽቦ ይሆናል፤ ምንጣፍና የወንበር ስፖንጅ ደግሞ እሳት ለመያዝ ብዙ አይለመኑም። በዚህ ጉዳይ ላይ «እንደ ሁኔታው» የሚባል ነገር አይታየኝም፤ ድርጊቱ ስሕተት ነው።

ሾርት፣ ማለትም ፖዘቲቭ ሽቦ ቦዲ የሚነካበትን ቦታ፣ መፈለጊያው ዘዴ ግን በጣም ወደድኩት፣ ምክንያቱም ፊውዝ አያባክንም። ሁለቱን የኋላ አምፖሎች አወጣን። በፊውዙ ቦታ፣ በሁለት ሽቦ ጫፍ የተያያዘ አንድ የ21 ዋት አምፖል ገባ። ፔዳሉ ላይ ድንጋይ ተጭኖ ስዊቹ መስመሩን አገናኝቷል። መስመሩ ጤነኛ ቢሆን አምፖሎቹ ስለሌሉ ኮረንቲ የሚሄድበት ስለማይኖር በፊውዙ ቦታ ያለው አምፖል መጥፋት አለበት። አንድ ቦታ ላይ ሽቦው ቦዲ ሲነካ ደግሞ ይበራል፤ ግን አምፖሉ ራሱ ኮረንቲውን ስለሚገድበው ምንም አይቃጠልም። ከዚያ ያለው ሥራ የሽቦውን ጥቅል ከፊት ጀምሮ ስንዝር በስንዝር እያነቃነቁ አምፖሉን መመልከት ነው። እኔ ሽቦ ስነቀንቅ ጋሼ አምፖሉ ፊት ወንበር ይዘው ቡና እየጠጡ «ምንም የለም… ምንም የለም…» ይሉ ነበር። ከሹፌሩ በር ሥር ያለውን የጠርዝ ሽፋን ስጫነው «አለ!» አሉ።

ሽፋኑን የያዘው ብሎን የራሱ አልነበረም። አባቴ ከብዙ ዓመታት በፊት የኋላ ስፒከር ሲያስገጥም፣ ሥራውን የሠራው ሰው የጠፋውን አጭር ብሎን በረጅም ተክቶታል፤ ጫፉም የሽቦውን ጥቅል ጎን እየፋቀ ኖሮ አረንጓዴውን ሽቦ እስከ መዳቡ ገልጦታል። ለስላሳ መንገድ ላይ አይነካውም፣ ኮብልስቶን ላይ ይነካዋል፤ ያውም ፍሬን በተረገጠበት ቅጽበት ብቻ፣ ምክንያቱም ከስዊቹ በኋላ ያለ ሽቦ ፔዳሉ ካልተረገጠ ኮረንቲ የለበትም። ይህ ሁለት ሁኔታ መገጣጠሙ ነው ሲቃጠል ሲተው ያከረመው።

ጥቅሉን ስንገልጥ ደግሞ ሌላ አሮጌ ጥገና አገኘን። ከኋላ ወንበሩ ሥር አንድ ክንድ ያህል ሽቦ ተቆርጦ በቦታው ለቤት ኤሌክትሪክ የሚሆን ድፍን ሽቦ ገብቷል፤ ሁለቱም ጫፍ በእጅ ተጠምዝዞ በቴፕ ብቻ ታስሯል። ድፍን ሽቦ በግድግዳ ውስጥ ሳይነቃነቅ ለሚኖር ነው፤ በሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ መታጠፊያው ላይ እየደረቀ ውሎ አድሮ ይሰበራል። ሥራው ከተጀመረ አይቀር ብለን ከፊት እስከ ኋላ ያለውን ሁሉ በአዲስ ባለ ብዙ ክር የመኪና ሽቦ ቀየርነው። ውፍረቱን የመረጥነው በሒሳብ ነው። የሁለቱ አምፖሎች ኮረንቲ አንድ ላይ 3.5 አምፔር ነው፤ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ አራት ሜትር ተኩል ሲጓዝ የሚጠፋው 0.2 ቮልት እንኳን አይሞላም፣ የ0.5ቱ ቀጭን የስፒከር ሽቦ ቢሆን ግን ከግማሽ ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። መገናኛዎቹን በስታኞ በየድን፣ በሙቀት የሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ አለበስናቸው። ብሎኑም በአጭር ተተካ።

ሦስተኛው ነገር ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልኩት የስዊቹ ጣጣ ነው። የፔዳሉ ስዊች ጫፉ ሲገፋ መስመሩን ያቋርጣል፣ ሲለቀቅ ያገናኛል። ፔዳሉ ባልተረገጠበት ጊዜ ጫፉን የሚገፋው በፔዳሉ ክንድ ላይ ባለች ቀዳዳ ውስጥ የተወተፈች፣ ከአንድ ሳንቲም የማትበልጥ የፕላስቲክ ትራስ ናት። አርባ ዓመት የኖረች ፕላስቲክ እንደ ብስኩት ናት። ወጣቱ ስዊቹን ሲቀይር ሰንጥቋት ኖሮ፣ ሽቦውን ቀይረን በጨረስን በሦስተኛው ቀን ጨርሳ ፈረሰች፤ የስዊቹ ጫፍ በባዶዋ ቀዳዳ አልፎ ገባና መብራቶቹ ፔዳሉ ሳይነካ በርተው ቀሩ። መኪናዋን ከምሽቱ 1 ሰዓት አቁሜ ገባሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁልፉን ሳዞር አንድ ጊዜ ጠቅ ብላ ዝም። የግቢያችን ዘበኛ ቀስ ብለው መጡና «እትዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀይ እያበራች አደረች፤ ሆን ብለው የተዉት መስሎኝ ነው» አሉኝ። 3.5 አምፔር ለ12 ሰዓት ማለት 42 አምፔር ሰዓት ነው፤ ባትሪዬ ደግሞ አዲስ እያለ 45 የሚይዝ ነበር።

ለጊዜው ቀዳዳዋ ውስጥ ትንሽ ብሎን በዳዶ አሰርኩበት፤ ብረት በብረት እየመታ ስለሚያንኳኳ በኋላ ከወፍራም ላስቲክ ቆርጬ ትራስ ሠራሁለት። ስዊቹ በጥርስ የሚገባ፣ ከኋላው በዳዶ የሚጠበቅ ዓይነት ስለሆነ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ልኩ ፔዳሉ ገና ትንሽ እንደወረደ፣ ፍሬኑ ሳይዝ በፊት መብራቱ የሚበራበት ነው። ከመጠን በላይ ወደ ታች ከገባ ግን ስዊቹ ራሱ ፔዳሉን ተጭኖ ይይዘዋል፤ ያኔ ፍሬኑ ሁልጊዜ በከፊል እንደተያዘ ይሄዳል፣ ጎማው አጠገብም ይግላል። ዳዶውን ካጠበቅሁ በኋላ ፔዳሉን በእጄ ወደ ላይ እየሳብኩ ነፃ መሆኑን ደጋግሜ ፈትሻለሁ።

«ኤልኢዲ ብታደርጊ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር» ያሉኝ አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ኤልኢዲ የሚወስደው ኮረንቲ ትንሽ ስለሆነ በዚያ በሦስት ኦም ዝገት ላይ የሚጠፋው ቮልት ከአንድ በታች ይሆናል፣ መብራቱም ይበራ ነበር፤ ክሩ እስኪግል መጠበቅ ስለሌለበትም ከኋላ ላለው ሰው ቀድሞ ይታያል። ነገር ግን ዝገቱ እዚያው ይቀጥል ነበር፣ ፍሬቻውም እየፈዘዘ ይቆይ ነበር፣ ብሎኑም የሽቦውን ጥቅል መፋቁን አያቆምም ነበር። ለአምፖል ክር በተሠራ አሮጌ የመብራት ቤት ውስጥ የሚገቡ ርካሽ ኤልኢዲዎች ብርሃናቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ ከጎን ሲታዩ ደካማ የሚሆኑም አሉ። እኔ ለጊዜው ከ21 ዋቱ ጋር ቆይቻለሁ፤ በወር አንዴ ማታ ወደ ግንቡ ጠጋ ብዬ ሁለቱን ቀይ ብርሃኖች አስተያያለሁ፣ ያለ ሰው ርዳታ የሚሠራ ከዚህ የቀለለ ምርመራ አላገኘሁም።

ለቦሎ ምርመራ ስሄድ መብራቶቹ ያለችግር አለፉ። በግራ በኩል ያገኘሁት በቴፕ የተጠቀለለው ነጭ ባለ ጥቁር መስመር ሽቦ ግን አሁንም የት ይገናኝ እንደነበር አላገኘሁትም። ቦዲው ላይ እንዲሁ ላስረው ብል ጋሼ «ሌላ ጫፉን ሳታዪ አትንኪው» ብለውኛል፤ ቀኑን የጻፍኩበት ወረቀት አስሬበት ለሚቀጥለው ቅዳሜ ትቼዋለሁ።